ከኮልማር የወይን ጠጅ ትርኢት ወደ ባሮ ወደብ



ባሮ ዳርቻ ላይ ቆሞ ስለ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ ማውራት እንግዳ ነገር ይመስላል። ሆኖም በኮልማር የወይን ጠጅ ትርኢት በቆየሁባቸው ሁለት ቀናት ከሐሳቤ ያልተለየው ይኸው የእኛው ወንዝ ነበር።

ኮልማር የምትገኘው ከጀርመን ጋር በሚዋሰነው በአልዛስ ነው። ትርኢቱ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረ ሲሆን የሚካሄደውም በእኛ ክረምት፣ ባሮ በሚሞላበት ወቅት ነው። ዛሬ የሙዚቃው ድግስ ወይኑን ሊውጠው ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአምራቾቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እዚያ ብርጭቆው ከመቀዳቱ በፊት ወይኑ የበቀለበት ተረተር ስም ይጠራል።

ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። ፈረንሳይ በ1935 ባወጣችው ድንጋጌ የቦታ ስም የሚጠበቅበትን ሥርዓት ዘረጋች። አልዛስ በ1962 ገባችበት፤ ዛሬ 51 የተመረጡ ቦታዎቿ በጠርሙስ ላይ በየስማቸው ይጻፋሉ። ስሙን የሚጠቀም አምራች ግዴታም አለበት፦ የትኛውን ዝርያ እንደሚተክል፣ ከአንድ ሄክታር ቢበዛ ምን ያህል እንደሚያመርት ተወስኖበታል።

አንድ ሽማግሌ አምራች ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በእኛ በኩል ቡናና ማር እንደሚገኝ ነገርኳቸው።

«በየትኛው ቦታ ስም ነው የምትሸጡት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት በባሮ ላይ ለንግድ ጣቢያነት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ቡናው ከጎሬና ከሰዮ፣ ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ከደጋ ይወርዳል፤ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫናል። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በእኔ እይታ ጋምቤላ በእነዚያ ዓመታት የሌሎች ምርት መውጫ በር ሆነች እንጂ የራሷን በራሷ ስም የምታቀርብ ገበያ አልሆነችም።

የድንበር አገር መሆናችንን ምክንያት ማድረግም አንችልም። አልዛስ ከ1871 እስከ 1945 ባለው ጊዜ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች።

ኢትዮጵያ በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጥያቄ ማቅረቧ ይታወሳል። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የንግድ ምልክት ስሙ የማን እንደሆነ ይወስናል እንጂ እንደ ፈረንሳዩ ሥርዓት ምርቱ እንዴት መመረት እንዳለበት አይደነግግም። ልዩነቱን ተማሪዎቻችን እንዲይዙልኝ እወዳለሁ።

በክልላችን ያለው የማጃንግ ደን በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ማሩ ከየትኛው አበባ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት ቀፎ እንደተገኘ ቆራጮቹ ያውቁታል። ደንቡን ማውጣት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው፤ የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድርሻ ቃላቸውን በጥንቃቄ መጻፍ ነው።

የኮልማሩ ሽማግሌ ስንሰናበት አድራሻቸውን ሰጥተውኛል። አንድ ማሰሮ ማር እንድልክላቸው ነው፤ የደኑ ስም ተጽፎበት።