ያደመቅነው ሁሉ ርዕስ አይደለም

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ መካነ ሰላም ብርዱ ገብቷል። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ነገ ጠዋት ታስረክባለች። 58 ገጽ ነው፤ ስለ ቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳዎች፣ አብዛኛው በስልክ የተጻፈ። አማካሪዋ «ምዕራፍ ሁለት ላይ ስለ መሬት አጠቃቀም አንድ ክፍል ጨምሪበት» ብለው ልከውላታል። ጨመረች፤ ሦስት ገጽ ወጣው። በዚያችው ሦስት ገጽ የተነሳ ማውጫው በሙሉ ተበላሸ።

ማውጫውን የሠራችው እንደ ብዙዎቻችን ነዋ! ርዕሱን ጽፎ፣ ነጥብ ነጥብ ነጥብ ደርድሮ፣ ጫፉ ላይ የገጽ ቁጥር። አሁን ምዕራፍ ሦስት ከገጽ 21 ወደ 24 ሄዷል፤ ከሱ በኋላ ያለውም ሁሉ እንደዚያው። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ማረም ጀመርን። መብራት ሁለቴ ጠፋ። የስልኳ ባትሪ 19 ላይ ነው።

ነገሩ የገባኝ አንዱን ርዕስ ነክቼ ሳየው ነው። ደምቋል፣ ተልቋል፣ መሀል ላይ ተቀምጧል። ለኛ ርዕስ ነው፤ ለስልኩ ግን ወፈር ያለ ጽሑፍ እንጂ ሌላ አይደለም። ያልነገሩትን ከየት ያውቃል?

ጎግል ዶክስ ላይ እንዲህ ነው የሚነገረው፦ ርዕሱ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ፣ ከላይ ያለችውን የ«ኤ» ምልክት ንኩ፣ «ስታይል» ውስጥ ገብታችሁ ለምዕራፉ «ሄዲንግ 1»፣ በሥሩ ላለው ክፍል «ሄዲንግ 2» ስጡ። ከዚያ ሦስቷን ነጥብ ስትነኩ «ዶክዩመንት አውትላይን» ይመጣል። የጽሑፉ አጽም በአንድ ዓይታ! የፈለጋችሁትን ርዕስ ስትነኩ ይወስዳችኋል፤ 58 ገጽ በአውራ ጣት መጎተት ቀረ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አጽሙን እንዳየች እህቴ ጮኸች። «የጭላዳ አመጋገብ» የሚለው ክፍል ምዕራፍ ሁለትም አራትም ውስጥ አለ! ስንት ወር ስትጽፈው አላየችውም፤ ርዕሶቹ ብቻቸውን ሲደረደሩ ታየ።

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ቁም ጸሐፊው የመግቢያውን መስመርና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለየዋል፤ ሌላው ጥቁር ነው። ቀዩ ዓይን የሚያርፍበት ነው። እኛ ግን በአማርኛ ስንጽፍ እናደምቃለን፣ እናሰምራለን፣ እናጋድማለን፤ አንዳንዴ ሦስቱንም ባንድ ላይ። ማጋደሙ እኮ የላቲን ፊደል ልማድ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1501 ቬኒስ ላይ የአልዶስ ማኑቲየስ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያተመበት። የኛ ፊደል ሲጋደም ነፋስ የመታው አጥር ይመስላል።

ጠዋት ፋይሉን ይዘን ኮምፒውተር ቤት ሄድን። ዎርድ ላይ «ሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ»፤ ማውጫው ከነገጽ ቁጥሩ ወጣ። ልብ በሉ፣ በኋላ ጽሑፍ ብትጨምሩ ቁጥሩ በራሱ አይታረምም፤ ማውጫውን በቀኝ ነክታችሁ «አፕዴት ፊልድ» ማለት አለባችሁ። ልትታተም ስትል የተደገመውን ክፍል ስላወጣች እሷም ይህንኑ አደረገች።

አስረክባ ስትወጣ ደወለችልኝ። ማውጫው አልፏል፤ ገጽ 9 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን ርዕስ የለውም ተብላለች።