ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም

ትከሻቸውን በካሜራ ኦፕሬሽን የተሠሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚያታልላቸው ቁስሉ ነው። ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በሁለት ሳምንት አካባቢ ቆዳው ይገጥማል፣ ሕመሙም ቀስ በቀስ ይቀላል። "በቃ ድኛለሁ" ተብሎ ጀሪካን የሚነሳው ታዲያ ይሄኔ ነው።

ውስጡ ግን ገና ነው። የክንድን አጥንት ራስ ከበው የሚይዙ አራት ጡንቻዎች አሉ፤ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙት በጅማት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከላይ ያለው፣ ክንዳችንን ወደ ጎን ለማንሳት የሚረዳን ነው። ሐኪሙ በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ ያስገባል። ክር ያላቸው ትንንሽ ማሰሪያዎችን አጥንቱ ውስጥ ይተክልና ጅማቱን ወደ ቦታው ስቦ ይሰፋዋል። ክሩ የሚይዘው ለጊዜው ነው፤ ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር መጣበቅ አለበት። ጅማት ደግሞ ብዙ ደም አያገኝም፣ ስለዚህ አይቸኩልም። ወራት ይፈጃል። ድጋሚ የሚበጠሰውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው።

ሐኪሙ ሌላ ካላለ በቀር፣ ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማንጠልጠያ ውስጥ ይቆያል። ጣት፣ የእጅ አንጓና ክርን ይንቀሳቀሳሉ (ስልክ መነካካትም ይቻላል፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳታርቁ)። ትከሻውን ግን የሚያንቀሳቅሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ወይም ጤነኛው እጃችሁ ነው። በራስ ጉልበት ማንሳት የሚጀመረው ከ6 ሳምንት ወዲህ ነው፣ ላስቲክ መሳብና ቀላል ክብደት ደግሞ ከ3 ወር ገደማ በኋላ። ለጂምና ለከባድ ሥራ 6 ወርና ከዚያ በላይ ጠብቁ። ጉልበቱ እስከ 1 ዓመት ድረስ ሊጨምር ይችላል።

ብዙዎችን የሚያስመርረው እንቅልፍ ነው። ጋደም ሲባል ሕመሙ ይብሳል። ከወገብ በላይ ቀና ብሎ ትራስ ተደግፎ፣ ከክንዱም ስር ሌላ ትራስ አድርጎ መተኛት ይረዳል።

በፍርሃት ጭራሽ አለማንቀሳቀስም መፍትሔ አይደለም፤ ትከሻው ይደርቃል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ይበዛል። ሲጋራ ደግሞ ጅማቱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ የምታጨሱ ከሆነ ቢያንስ ለእነዚህ ወራት ተዉት።

የታክሲው፣ የክፍያው ነገር ከብዶ ፊዚዮቴራፒ የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ማቋረጥ ግድ ከሆነ ባለሙያውን የቤት እንቅስቃሴ እንዲያሳያችሁ ጠይቁትና አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹት። ቲክቶክ ላይ ያለው ቪዲዮ የእናንተ ጅማት ምን ያህል እንደተቀደደ አያውቅም።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ወይም "ጧ" ብሎ ድንገት ክንድ አልነሳ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።