እውነት ወይስ ተረት? ለሳንጃ ነጋዴ የድረ ገጽ ስም

ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሁመራ የሚወርደው መንገድ ሳንጃን አቋርጦ ያልፋል። የታች አርማጭሆ ሰሊጥ በጆንያ ተጭኖ የሚጓዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ሰሊጡ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲደርስ «የሁመራ ጎንደር» ተብሎ ይመደባል፤ ሳንጃ የሚለው ስም እዚያ አይነሳም። ስለዚህ አንድ የሳንጃ ነጋዴ በገዛ ስሙ ልታወቅ ብሎ ድረ ገጽ ሲያስብ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ስለ ስም አመራረጥ በየሱቁ ሲነገር የምሰማው ነው፤ አብዛኛው ትክክል አይደለም።

ተረት፦ በአማርኛ የሚያምር ስም ለድረ ገጽም ያምራል።

እውነቱ፦ ደንበኛ ስሙን የሚሰማው በአማርኛ ነው፤ ስልኩ ላይ የሚጽፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። ስሙ የሚጠፋውም በዚህ መካከል ነው። «ጎንደር» የሚለውን ስም ሲጽፉ አንዱ «ደ»ን በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፋታል፤ ሁለቱም ጽሑፎች ካርታም መጽሐፍም ላይ አሉ። «አርማጭሆ»ማ የባሰ ነው፤ «ጭ»ን እና «ሆ»ን በስንት ዓይነት ተጽፈው አይቻለሁ። «ፀሐይ» ያለ ሰው ደግሞ በ«ቲ ኤስ» ይጀምር፣ በ«ቲ ዜድ» ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ በላቲን ፊደል የራሳቸው ቦታ የላቸውም። ኮምፒውተር ደግሞ «ለማለት የፈለጉት ይህን ነው» ብሎ አያግባባም፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ደንበኛው ሌላ ሰው ቤት ይገባል፣ ወይም ምንም አያገኝም።

በዚህ ረገድ ሳንጃ ዕድለኛ ከተማ ናት። ኤስ፣ ኤ፣ ኤን፣ ጄ፣ ኤ፤ አምስት ፊደል ብቻ፣ የሚያጠራጥርም የለበትም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ፊደሎች በሰርቢያና በክሮኤሺያ «ሳንያ» ተብለው የሚነበቡ የሴት ስም ናቸው። አገራችን ውስጥም ቢሆን ቃሉ ብቻውን ሲነገር ብዙ ሰው የሚታየው በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚሰካው ስለት ነው። ስለዚህ አንድ አጭር ቃል ማከል ይሻላል። «ሳንጃ ማር» ጥሩ ነው፤ የሰማ ሁሉ አንድ ዓይነት ይጽፈዋል። «ሳንጃ ሱቅ» ግን አይሆንም፤ «ቅ»ን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፋታል። «ሳንጃ አቦል» የሚል ቡና ቤትም ይቸገራል፤ ሁለት «ኤ» ስለሚገጥሙ ደንበኛው አንዱን ይውጠዋል።

እኔ የምመክረው ፈተና ቀላል ነው። ስሙን በስልክ ለሦስት ሰዎች ንገሯቸው፦ ለተማሪ፣ ለነጋዴ፣ ከአገር ከወጣ ለቆየ ዘመድ። በላቲን ፊደል ጽፈው ይላኩላችሁ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ ስሙን ያዙት። ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ብትወዱት ተዉት።

ተረት፦ በግዕዝ ፊደል ማስመዝገብ አይቻልም።

እውነቱ፦ ይቻላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በ«ዶት ኮም» ሥርም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም መመዝገብ ይቻላል። ሥርዓቱ ውስጥ ለውስጥ በ«ኤክስ ኤን» እና በሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር የላቲን ጽሑፍ ይቀይረዋል። ችግሩ ለኮምፒውተር «ሳንጃ» እና «ሣንጃ» ሁለት የተለያዩ ስሞች መሆናቸው ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ ለማሽኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው። ልቤ ከፊደላችን ጋር ነው፤ ለዛሬ ግን የግዕዙን ስም እንደ ሁለተኛ በር እንጂ እንደ ብቸኛ በር አትያዙት።

ተረት፦ የንግድ ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ የድረ ገጹም ስም የኔ ነው።

እውነቱ፦ መዝገቦቹ የተለያዩ ናቸው። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ምልክት በአእምሯዊ ንብረት፣ የድረ ገጽ ስም በመዝጋቢ ድርጅት ነው። ዳሸንን አስቡት፤ ባንክም አለ፣ ጎንደር የሚጠመቅ ቢራም አለ፤ ሥራቸው ስለሚለያይ ሁለቱም የአንዱን ተራራ ስም ይዘው ይኖራሉ። በድረ ገጽ ግን አንድን ስም፣ እንደ «ዶት ኮም» ባለ በአንድ መጨረሻ፣ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበው። ስለዚህ ታፔላ ከማስጻፋችሁ በፊት ስሙ መያዝ አለመያዙን እዩ።

ተረት፦ ድረ ገጹን የሠራልኝ ልጅ ስሙን ገዝቶልኛል፤ ጣጣ የለውም።

እውነቱ፦ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ግዢ እንለዋለን እንጂ ኪራይ ነው። «ዶት ኮም» ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይከፈልበታል፤ ካልታደሰ ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ስሙን በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ የማሳሰቢያው መልእክት የሚደርሰው ለሱ ነው። ወጣቱ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ስልክ ቢቀይርስ? ሌላም አለ፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሳንጃ ሆኖ ኢሜይሉን መክፈት ያልቻለ ሰው ማሳሰቢያውን ከየት ያየዋል? አቅም ካለ የበርካታ ዓመት ክፍያ አንድ ላይ መክፈል የሚበጀው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «ርካሽ ንጹሕ ሰሊጥ በጎንደር» የሚል ረጅም ስም ጉግል ላይ አንደኛ ያወጣል።

እውነቱ፦ ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. ይዘታቸው ደካማ ሆኖ ስማቸው ብቻ ከፍለጋው ቃል ጋር የገጠመ ድረ ገጾችን ዝቅ የሚያደርግ ለውጥ አውጥቷል። እርግጥ ከ«ዶት» በፊት ላለው የስሙ ክፍል እስከ 63 ፊደል ይፈቀድለታል፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን የለም።

ተረት፦ «ዶት ኮም» ካልሆነ ማንም አያምንም።

እውነቱ፦ ገዢያችሁ ውጭ አገር ከሆነ «ዶት ኮም» ያግዛል። ደንበኞቻችሁ እዚሁ ከሆኑ ግን በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው «ዶት ኢቲ» አገራችሁን ይናገራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ ሥር ነው።

ስም ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ላስመዘገበላችሁ ሰው ደውሉ። ምዝገባው በእናንተ ስምና ኢሜይል እንዲዛወር ጠይቁ፤ የሚያበቃበትን ቀንም ከንግድ ፈቃዱ እድሳት ቀን አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ጻፉት።