የማይሸነፈውን ሰው እንዴት ይተርኩታል?

ጉልበቱ ወሰን የሌለው ሰው ለተራኪ ከባድ ፈተና ነው። ጥይት የማይበሳው፣ እሳት የማያቃጥለው፣ ተራራ የማይከብደው ጀግና ከጠላቱ ጋር ሲጋጠም፣ አንባቢው ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቀዋልና ልቡ የሚሰቀልበት ምክንያት ያጣል። በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የሶምሶን ታሪክ እስከ ዛሬ ልቡናን የሚነካው፣ የአንበሳ ደቦል በባዶ እጁ የሰነጠቀው ኃያል በደሊላ ጉልበት ላይ ተኝቶ ጠጉሩን ስለ ተላጨ ነው። ሰሞኑን የአሜሪካውን የሱፐርማንን ሥዕላዊ መጻሕፍት ደጋግሜ ሳነብ በሐሳቤ የተመላለሰው ይኸው ነገር ነበር፤ የሚበዙት መጻሕፍት ለማይሸነፍ ሰው የሚያሸንፈው ባላጋራ ሲፈልጉ ይደክማሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጉልበቱ የማይረባበትን ስፍራ ፈልገው ያገኙለታል።

ሱፐርማንን የወጠኑት ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ሁለቱም ከአይሁድ ስደተኞች የተወለዱና በክሊቭላንድ ከተማ በተማሪነት የተዋወቁ ወጣቶች ነበሩ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1938 በአክሽን ኮሚክስ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር በ10 ሳንቲም ዋጋ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የባለቤትነቱን መብት በ130 ዶላር ለአሳታሚው አስረክበው ነበር። ያን ጊዜ ጀግናው ከፍ ብሎ ይዘል ነበር እንጂ አይበርም። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተነሡ ጸሐፊዎች ኃይል በኃይል ላይ እየደረቡለት ስለ ሄዱ፣ የሚያደክመው መርዝ ማበጀት ግድ ሆነ፤ ከጠፋችው የትውልድ ዓለሙ የመጣው ክሪፕቶናይት የተባለው ድንጋይ መጀመሪያ የተሰማው በ1943 በሬዲዮ ተውኔት ነው። ድንጋዩም ሲሰለች ጀግናውን እስከ መግደል ደረሱ፤ ዳሩ ግን በ1992 የሞተው ሱፐርማን ዓመት ሳይሞላው ስለ ተመለሰ፣ ያለቀሰለት አንባቢ ለቅሶው ከንቱ ሆነበት።

ከዚህ ወጥመድ ካመለጡት አንዱ፣ በስኮትላንዳውያኑ በግራንት ሞሪሰን ድርሰትና በፍራንክ ኳይትሊ ሥዕል ከ2005 እስከ 2008 በ12 ክፍል የወጣው ኦል ስታር ሱፐርማን ነው። ጀግናው በፀሐይ አጠገብ አደጋ የደረሰባቸውን ተመራማሪዎች ሲያድን ከልክ ያለፈ ጨረር በሰውነቱ ስለ ገባ፣ ከቀድሞው ይልቅ ኃያልም ለሞት የታጨም ይሆናል። በአንዱ ክፍል ሶምሶን ራሱ ከግሪኩ አትላስ ጋር መጥቶ ክንድ ሲገጥመው ሱፐርማን ሁለቱንም በአንድነት ይረታቸዋል፤ መጽሐፉም ይህን ድል እንደ ዋዛ አልፎት ይሄዳል። የመጽሐፉ ልብ ያለው በ10ኛው ክፍል ውስጥ በምትገኝ አንዲት ገጽ ላይ ነው።

በዚያች ገጽ ራሷን ልትወረውር ከፎቅ ጫፍ ላይ የቆመች አንዲት ወጣት አለች። ሱፐርማን ከኋላዋ ይደርሳል፤ አፈፍ አድርጎ ሊይዛት ወይም ስትወድቅ በአየር ላይ ሊቀልባት የሚችል ሲሆን ከሁለቱ አንዱንም አያደርግም። የምትጠብቀው ሐኪም የቀረው በእርግጥ መሰናክል ገጥሞት እንደ ሆነ፣ እርሷም ከምትገምተው በላይ ብርቱ እንደ ሆነች በለሆሳስ ይነግራታል፤ እርሷም ዞራ ታቅፈዋለች። ዓለምን ሊያነሣ የሚችለው ክንድ እዚህ ያለው ሥራ ማቀፍ ብቻ ነው፤ ዕድሜው የተቈጠረው ሰውም ስለ ገዛ ሞቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ሁለተኛው፣ ከቻይናውያን ስደተኞች የተወለደው ጂን ሉየን ያንግ ጽፎት፣ ጉሪሂሩ በሚል ስም አብረው የሚሠሩ ሁለት ጃፓናውያን ሥለውት በ2019 መታተም የጀመረው ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን ነው። መሠረቱ በ1946 በ16 ክፍል የተላለፈ የሬዲዮ ተውኔት ሲሆን፣ የሚተርከውም ከቻይናታውን ወጥቶ በሜትሮፖሊስ ከተማ አዲስ ሰፈር ስለ ገባው፣ ቆብ ያጠለቁ ዘረኞችም በደጁ መስቀል ስላቃጠሉበት ስለ ዶክተር ሊ ቤተሰብ ነው። ወንዱ ልጅ ቶሚ በቤዝቦል ጨዋታ ቶሎ ሲለመድ፣ እኅቱ ሮቤርታ ግን የሰው ዓይን ያስጨንቃታል።

የያንግ ብልሃት ጎልቶ የሚታየው የ1938ቱን የማይበር ሱፐርማን መልሶ በማምጣቱ ነው። ጀግናው በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይሮጣል እንጂ አይበርም፤ ምክንያቱም በልጅነቱ ሰዎች ሲፈሩት ስላየ፣ ባዕድነቱን የሚገልጠውን ኃይል ከራሱ እንኳ ሰውሮ ኖሯል። አረንጓዴው ድንጋይም በዚህ መጽሐፍ ከማድከም አልፎ የመጣበትን ዘር በራእይ ያሳየዋል። የደበቀውን ነገር ለይታ የምታውቅበት እንደርሱው መጤ የሆነችው ሮቤርታ ናት። ድርሰቱ በአንዳንድ ስፍራ ስብከት ቢበዛበትም፣ ይህች አንዲት ሐሳብ ሁሉን ትክሰዋለች።

እንዲህ ያለውን ንባብ የሕፃናት መጫወቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው፣ አባቶቻችን ተአምረ ማርያምን በሥዕል አስጊጠው ለአዋቂ ምእመን እንዳቀረቡ ያስታውስ፤ ጽሑፍ በሥዕል መታጀቡ ክብሩን አይቀንሰውም። ከብዙ ገጽ ጡጫና ከብዙ ከተማ ፍርስራሽ በኋላ አንባቢውን ባዶውን የሚሰዱ ቁጥሮች መኖራቸው ግን እውነት ነው። ስለዚህ አዲስ ለሚጀምር ሰው፣ በተለይም ከልጁ ጋር ለሚያነብ ወላጅ፣ የያንግን መጽሐፍ አስቀድማለሁ፤ ኦል ስታር ሱፐርማን ደግሞ ሐዘንን ለቀመሰ አዋቂ የሚስማማ ነው። ከሁለቱ በኋላ ሌላ ሲመርጥም ጀግናው ማንን እንደሚመታ በሽፋኑ ከማየት ይልቅ፣ መምታት የማይፈታው ነገር በውስጡ መኖሩን ቢመረምር ገንዘቡም ጊዜውም አይባክንበትም።