የታዳጊው ቡድን ሒሳብ በማን ኪስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ወር እንዳለፈው፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ የዓለም ከ20 ዓመት በታች አትሌቲክስ ሻምፒዮና በፔሩዋ ሊማ ተከፈተ። የሁለቱን ቀኖች መቀራረብ ከፋይናንስ ክፍል ሠራተኞች በቀር ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር የኢትዮጵያ ቡድን ሲጓዝ ከ100 ብር አልፏል። ከአዲስ አበባ ሊማ ቀጥታ በረራ የለም። የደርሶ መልስ ቲኬቱ 2 ሺሕ ዶላር ነው እንበልና እናስላው፤ በሐምሌ መጀመሪያ 114 ሺሕ ብር የሚበቃው አንድ ልጅ በነሐሴ ከ200 ሺሕ ብር በላይ ይፈልጋል። ሆቴሉና አበሉ ገና አልተነሡም። በብር ለተያዘ በጀት ይህ ዱብ ዕዳ ነው።

ቡድኑ ሄዶ ሮጠ። መዲና ኢሳ ከሁለት ዓመት በፊት በኮሎምቢያዋ ካሊ የወሰደችውን የ5 ሺሕ ሜትር ወርቅ ደገመችው፤ ምስጋና ዋቁማ ደግሞ በ10 ሺሕ ሜትር እርምጃ አሸነፈ። በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና አንደኛ የወጣ 70 ሺሕ ዶላር፣ ስምንተኛ የወጣ እንኳ 5 ሺሕ ዶላር ያገኛል። ከ20 ዓመት በታች ላሉት ግን የዓለም አትሌቲክስ የገንዘብ ሽልማት አይከፍልም፤ ያለው ሜዳልያው ነው። በሒሳብ ዓይን ሲታይ የታዳጊ ቡድን ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካውም ለዚህ ነው።

እግር ኳሱ ጋ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሀገራችን ስታዲየሞች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግዱ ካገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋሊያዎቹ፣ ለዓመታት «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርጉ ቆይተዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። የትኬት ሽያጩ ቀርቶ ጉዞና ማረፊያ ተጨመረበት። ካዝናው አንድ ስለሆነ አዋቂዎቹ ሲወጡበት ታዳጊዎቹ ተራ ይጠብቃሉ።

እንዲህም ሆኖ የእኛ ልጅ አንዴ ከተመረጠ ቲኬት ቁረጥ አይባልም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይባላል። የኦሊምፒክ ኮሚቴያቸው ከመንግሥት ቋሚ በጀት ስለማያገኝ፣ ስፖንሰር በሌላቸው ስፖርቶች ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድን የተመረጠ ልጅ ወጪ በወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አስፐን ኢንስቲትዩት ባደረገው ጥናት አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በ2024 እ.ኤ.አ. ለልጁ ዋና ስፖርት ብቻ በአማካይ 1,016 ዶላር አውጥቷል፤ ከ2019 ጋር ሲነጻጸር 46 በመቶ ጭማሪ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ አባት ይህን ሒሳብ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

የእኛው ወጪ ግን ቀርቶ አይደለም፤ የሚከፈለው ከምርጫው በፊት ነው። ከአርሲ ገጠር ወጥቶ ቦቆጂ ወይም አሰላ የሚከርም ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ከቤት ገብስና ቆሎ በማዳበሪያ ይላክለታል። እንቁላልና ወተት ግን በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጫማውም ሌላ ሯጭ ያደረገው ልባሽ ነው። ቤተሰቡ በአዝመራ ሰዓት አንድ ጉልበት ጎድሎበታል። ክለብ እስኪገባና ደመወዝ እስኪቆረጥለት ድረስ ይህ ሁሉ በማንም በጀት ላይ አይታይም። መቀጠል ያቃተው ደግሞ ተሸነፈ ተብሎ እንኳ አይመዘገብም፤ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ዕድሜ የማጭበርበሩ ነገርም መነሻው እዚሁ ነው። ለደሃ ልጅ ፓስፖርት የሚያስወጣው፣ ማናጀር ዓይን ውስጥ የሚያስገባው በር የታዳጊ ቡድኑ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት መቀነስ ትልቅ ዋጋ ያወጣል። ስለ ሥነ ምግባር የሚሰጠውን ሥልጠና አልቃወምም፤ ግን ማበረታቻው ባለበት እስካለ ድረስ ሥልጠናው ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም።

እግር ኳስ ልጁን ለማሳደግ የከፈለ ወገን ድርሻውን የሚያገኝበት ዘዴ አበጅቷል። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በዓለም አቀፍ ዝውውር ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በ1 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ አንድ ሰፈር ክለብ ውስጥ ከቆየ፣ ለዚያ ክለብ 10 ሺሕ ዶላር ይደርሰዋል። አትሌቲክስ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ሯጩ ሲያሸንፍ ማናጀሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፣ የትጥቅ ኩባንያው ስሙን ይሸጣል፤ ቦቆጂ ላይ ጥሩነሽንና ቀነኒሳን ገና በልጅነታቸው ላሠለጠነው ለስንታየሁ እሸቱ ዓይነቱ መምህር ግን በደንብ የተቀመጠ ድርሻ የለም።

ከአትሌቱ ላይ ሌላ በመቶ ይቆረጥ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም፤ የሩጫ ዕድሜው አጭር ነው፣ ቆራጩም በዝቶበታል። ድርሻው መውጣት ያለበት የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ከትጥቅ ስፖንሰሩ ከሚያገኘው ገንዘብ ነው። ስፖንሰሩ የሚገዛው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ማሊያ ነው፤ ለዚያ ማሊያ ዋጋ ያሰጡት ደግሞ እንደ ቦቆጂ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከውሉ ጥቂት በመቶው ለብሔራዊ ቡድን አትሌት ላፈሩ የታዳጊ ማሠልጠኛ ፕሮጀክቶች በሠለጠኑት ልጆች ልክ ቢደለደል፣ ለቤት ኪራይና ለወተት ይደርሳል።

ለመደልደል ግን ማን፣ የት፣ ስንት ዓመት እንደሠለጠነ መታወቅ አለበት። ፊፋ ክፍያውን የሚያሰላው ተጫዋቹ በየክለቡ የቆየበትን ዘመን ከሚያሳይ መዝገብ ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ ፕሮጀክት ሲገባ ልደቱ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ቢጻፍ፣ በ18 ዓመቱ ዕድሜውን መቀነስ ይከብደዋል፤ ፕሮጀክቱም ድርሻውን ላለማጣት ሲል መዝገቡን ይጠብቀዋል። ወጪው ለየወረዳው አንድ መዝገብና የአንድ ጸሐፊ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፤ ከሊማ ቲኬት ያነሰ።