ዳገት ላይ ጡንቻችን ምን ይበላል?

ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ፣ ጣታችሁን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉና ተከተሉኝ። ቀስ እያልኩ አነባለሁ።

ከማስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ በቀደም እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ሜዳውን ቀኑን ሙሉ ብሄድ አይደክመኝም። ዳገቱን ግን በጥድፊያ ስወጣ ገና ከግማሹ ሳልደርስ ባቴ ይቃጠላል፤ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ነገሩ ምንድን ነው?» እኚህ አባት የስኳር በሽታ አለባቸው። የኢንሱሊን መርፌም ይወስዳሉ። ስለዚህ ጥያቄው እንዲያው ለጨዋታ አልነበረም። ሥራዬን ልተው ወይስ ልቀጥል ማለታቸው ነው።

እሳት ያለ ማገዶ አይነድም። ጡንቻም እንደዚያው ነው። የጡንቻ ማገዶ ስኳርና ስብ ነው። ስኳር ስል ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ብቻ ማለቴ አይደለም። እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ ድንቹም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ጡንቻ ለጊዜው የማያስፈልገውን ስኳር ያከማቻል። ይህ ክምችት ግላይኮጅን ይባላል። የአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻዎች ሁሉ ተደምረው 400 ግራም ያህል ያከማቻሉ። ጉበት ደግሞ 100 ግራም ያህል። ጉበት ስኳሩን በደም አማካይነት ለመላው ሰውነት ያካፍላል። የጡንቻ ጎተራ ግን ለባለቤቱ ብቻ ነው። የእግር ጡንቻ ስኳሩን ለክንድ አያበድርም።

በዝግታ ስንሄድ ጡንቻ በብዛት የሚያነደው ስብ ነው። ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ ማገዶ ነው፤ ቶሎም አያልቅም። ስብ እንዲነድ ኦክሲጅን ያስፈልጋል። ኦክሲጅን ከምንተነፍሰው አየር የሚገኝ ነው። በዝግታ ለሚሄድ ሰው ሳምባና ልብ በቂ ኦክሲጅን ያደርሱለታል። ለዚህ ነው ሜዳው የማያደክመው።

በኃይል ስንሮጥ ነገሩ ይለወጣል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ጡንቻ በእጁ ያለውን የተዘጋጀ ኃይል ይጠቀማል። ይህ ግን ቢበዛ እስከ 10 ሴኮንድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ስኳሩን በችኮላ መክፈል ይጀምራል። ኦክሲጅኑ እስኪበቃ አይጠብቅም። ኃይሉን በሳንቲም እንቁጠረው። አንድ ቅንጣት ስኳር በኦክሲጅን ሲነድ 30 ሳንቲም ያህል ያስገኛል። በችኮላ፣ ያለ ኦክሲጅን ሲከፈል ግን 2 ሳንቲም ብቻ። ታዲያ ጡንቻ ሞኝ ነው? አይደለም። ሁለቷ ሳንቲም ቶሎ ትደርሳለቻ! የዘገየ ሠላሳ ለሚሮጥ ሰው ምን ያደርግለታል? ጎተራው ግን በፍጥነት ይጎድላል።

ምሩፅ ይፍጠርን አስታውሱ። በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። ብዙውን ዙር ከሌሎቹ ጋር እየሮጠ ይቆይና መጨረሻው ሲቃረብ ይፈተለካል። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በዚህ ነው። ጡንቻውም በውስጡ ማርሽ መቀየሩ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢሮጥ ኖሮ ግን ውድድሩን ባልጨረሰም ነበር።

ልብም ዝም ብሎ አያይም። ዕረፍት ላይ ሳለን በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ማለት ነው። በከባድ ሥራ ጊዜ 20 ሊትር፣ ከዚያም በላይ ይደርሳል። በደቂቃ አራት ጀሪካን!

ስኳር በችኮላ ሲከፈል ላክቴት የሚባል ነገር ይወጣል። የጡንቻውም ውስጥ ወደ ኮምጣጣነት ያደላል። ባት ሲቃጠል የሚሰማን የእነዚህ ነገሮች መከማቸት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ላርም። በመምህርነት ስሠለጥን «ይህ ነገር ቆሻሻ ነው፤ በማግስቱ ሰውነትን የሚያመውም እሱ ነው» ተብዬ ተምሬ ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ አስተማርኩ። ትክክል አይደለም። ላክቴት በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይቀንሳል። ልብ እንደ ማገዶ ያነደዋል፤ ጉበትም መልሶ ስኳር ያደርገዋል። የማግስቱ ሕመም የሚመጣው ያልለመድነውን ሥራ ስንሠራ የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ስለሚጎዱ ነው። ይህን ጉዳት ይበልጥ የሚያመጣው ደግሞ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ተራራ ወጥቶ የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑን ይጠይቅ።

ሰው ለሳምንታት ሲለማመድ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ምድጃዎች ይበዛሉ። ያኔ በኦክሲጅን የሚያነደው ይጨምራል፤ የትናንቱ ዳገትም ይቀላል።

ለአባታችን የመለስኩት ይህን ነው። «አባቴ፣ ሥራዎን አይተዉ። የሚሠራ ጡንቻ ለስኳር በሩን ይከፍታል፤ ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ከሥራው በኋላም፣ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለኢንሱሊን ቶሎ ይታዘዛል። ነገር ግን እርስዎ መርፌ ስለሚወስዱ ስኳርዎ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎት፣ ዓይንዎ ከጨለመ፣ ወዲያው ተቀምጠው ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ። ይህ ከሥራው ብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ተኝተው ሳለም ሊመጣ ስለሚችል ለቤተሰብዎ ይንገሩ። የመርፌውን መጠን በራስዎ አይቀንሱ፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።»

አሁን ዳገቱን ሁለት ቦታ ላይ እያረፉ ይወጡታል። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። «ችግሩ» አሉኝ በቀደም እየሳቁ፣ «የልጅ ልጄ እየሰረቀች ትጨርስብኛለች!»