ሕጉ የማይቆጥረው ቲፕ

ጥር ገብቶ ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ሆቴሎች በእንግዳ ይሞላሉ። በዚህ ሰሞን አስተናጋጅ በቲፕ የሚያገኘው ከወር ደመወዙ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱም ብር አንድ ኪስ ቢገቡም ሕጉ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ደመወዝ የሚለው ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚያገኘውን መደበኛ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደሉም። በቲፕ ለሚተዳደር ሠራተኛ ለብቻው ያስቀመጠው ድንጋጌ የለም።

ጉዳቱ በሒሳብ ይታያል። የወር ደመወዟ 2,000 ብር የሆነ፣ በቲፕ ደግሞ 4,000 ብር የምታገኝ አስተናጋጅ አለች እንበል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪዋ ለጡረታዋ የሚያዋጣው 11 በመቶ የሚሰላው ከደመወዟ ስለሆነ 220 ብር ነው፤ ሙሉ ገቢዋ ቢቆጠር 660 ብር በሆነ ነበር። በ120 ቀን የወሊድ ፈቃዷም የሚከፈላት ደመወዟ ብቻ ነው። ወጪዋ በሚጨምርበት ወቅት ገቢዋ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ወደ ደባርቅ ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። በስሜን ተራሮች በራሳቸው ኃላፊነት በቀን ሒሳብ የሚሠሩ አስጎብኚዎችና ባለበቅሎዎች አሠሪ ስለሌላቸው አዋጁ ጭራሽ አይመለከታቸውም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ መርጣለች። በወር ከ30 ዶላር በላይ ቲፕ ማግኘት የተለመደበት ሥራ ላይ ያለ ሰው በፌዴራሉ ሕግ የቲፕ ሠራተኛ ይባላል። አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ሊከፍለው ይችላል፤ ቲፑ ተደምሮ 7.25 ካልሞላ ግን ጉድለቱን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በምግብ ቤት በሚሠሩባት ዋሽንግተን ዲሲ፣ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2022 ለቲፕ ሠራተኞች የተፈቀደው ዝቅ ያለ ክፍያ ቀስ በቀስ እንዲቀር ድምፅ ሰጥተዋል።

የእኛ አዋጅ እንዲህ ያለ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም፤ አንቀጽ 55 ሥራውን ለደመወዝ ቦርድ ትቶታል። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት እንግዳ ሲያርቁ፣ የቀረውን ቲፕ የመተካት ግዴታ በማንም ላይ አልነበረም።

ቦርዱ ወለሉን መቁረጥ አለበት። እስከዚያው ሠራተኛው በእጁ ያለውን መብት ይጠቀም፤ 10 ሠራተኛ ያለው ሆቴል የሠራተኛ ማኅበር ሊቋቋምበት ይችላል። ማኅበሩም በደረሰኝ ላይ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያ ለማን፣ በምን ያህልና መቼ እንደሚከፋፈል በኅብረት ስምምነት ማስፈር ይችላል።